ቆብ የሌለው ኬብል

በመሥሪያ ቤታችን ስሜ «አላርም» ነው። ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም፤ ማንም ያውጣው፣ ተጣብቆብኝ ቀርቷል። በር ክፍት ሲቀር እጮኻለሁ። ያለ ጓንት ቺፕ የሚነካ ሰው ሳይ እጮኻለሁ። ሪፖርት ላይ የማይመስል ቁጥር ካየሁማ ድምፄ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስጮህ ኖሬ ዝም ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለአሥር ሰከንድ። ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለዚያች አሥር ሰከንድ ነው። ግን በፊት ያናደደኝን ሁሉ በተራ በተራ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ሥራችን ማግኔት ማሽከርከር ነው። የፀጉርን ውፍረት ለሺ ብታካፍሉት የአንዷን ድርሻ የምታክል ምሰሶ አለች፤ ስስ ስስ የማግኔት ንብርብር ተነባብሮ የተሠራች። ከረንት ሲያልፍባት ውስጧ ያለው ማግኔት መዞር ይጀምራል፤ በሰከንድ ሦስት ነጥብ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ገደማ። ከዙረቷ የሬዲዮ ሞገድ ይወጣል። ስልክ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ሐኪም ቤት መሣሪያ ውስጥ ሊገባ የሚችል፣ አሁን ካሉት ሁሉ ያነሰ ምት ሰጪ ትሆናለች ማለት ነው። ጉዷ አንድ ነው፤ ምቷን አትጠብቅም። ሙቀት ያናውጣታል፤ አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች። ስክሪን ላይ ሹል መርፌ መሆን የሚገባው መስመር የተንጣለለ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። በእኛ ቤት ጉብታ ውርደት ነው፣ መርፌ ክብር። መርፌ ያገኘ ሰው ስብሰባ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይገባል።

እኔ ስድስት ዓመት የለፋሁት ያንን ጉብታ ለማጥበብ ነው። ዘዴዬ ምትሃት የለበትም። አጠገቧ ምቱ የማይዛነፍ ትልቅ ሞገድ ሰጪ ማሽን አስቀምጣለሁ። ማሽኑ በሰከንድ ስድስት ነጥብ አራት ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ማነጻጸሪያዬ ያንን ለሁለት አካፍሎ ከምሰሶዋ ምት ጋር ያስተያየዋል። ፈጠን ስትል ከረንቱን ቀነስ፣ ዘግየት ስትል ጨመር ያደርግላታል። በዚህ ዘዴ ጉብታው ወደ አንድ ሠላሳኛው ጠበበልኝ። መርፌ አልሆነም። ግን እውነተኛ ነበር፤ ሰኞም ብትለኩት ሐሙስም ብትለኩት ያው ነው።

ምሰሶዋ ደግሞ አንዲት ነበረች። ቺፑ ላይ አርባ ምሰሶ ነበር፣ ሠላሳ ዘጠኙ በየተራ ሞተው የቀረችው አሥራ ሰባተኛዋ ብቻ ናት። ቺፑን የሠራው ማሽን ከሁለት ዓመት በፊት ተፈታትቶ ብረታ ብረት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ምሰሶዎች አንዳቸውም እንደሷ አይዞሩም። ከስምንት ሚሊአምፔር በላይ ከተሰጣት መካከሏ ያለው ስስ ንብርብር ይበሳል፣ ያኔ አበቃ። የኔም የሌላውም ሥራ በዚህች በዓይን በማትታይ ነገር ላይ ነበር የቆመው።

አሁን ሙሽራው ይምጣ። ሙሽራው የታናሽ እህቴ ባል ነው። ስሙን ያገኘው ነጭ ጋውኑን ተኩሶ፣ አንገትጌውን አስተካክሎ፣ ጫማውን ወልውሎ ስለሚገባ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ሳይሆን ከሙሽሪት ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስላል። መሥሪያ ቤቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ «እትዬ» ሲለኝ ከልቡ ነው። ኮንትራቱ በዚህ ዓመት ያልቃል። እህቴ ደግሞ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች።

የቤተ ሙከራችንን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩን፣ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን የማወራው እኔ ስለሆንኩ «አለ» ይበቃዋል።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። የሞገድ ሰጪው ማሽን መውጫ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ማነጻጸሪያው ይሄዳል፣ ሌላው ትርፍ ስለሆነ የኬብሉ ጫፍ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል የነሐስ ቆብ ትጠልቅለታለች። ቆቧ ሞገዱን ውጣ ታስቀራለች፤ ካልተከደነ ወደ ውጭ ይረጫል። ያን ጠዋት የትርፉን ቅርንጫፍ ኃይል ልለካ ብዬ ቆቧን ፈትቼ በእጄ ይዣታለሁ። «ፕሮፌሰሩ አሁኑኑ ይፈልጉሻል» አሉኝ። ጋውኔ ኪስ ውስጥ ጣል አድርጌያት ሄድኩ።

ስልኩን እየነካካ ነው ያናገረኝ።

«አሥራ ሰባተኛዋን ለሙሽራው አስረክቢ» አለ።

«ለምን?»

«ስድስት ዓመት ይዘሻታል። እሱ ያላንቺ ማነጻጸሪያ፣ ከረንቱን ብቻ በመቃኘት ጥሩ ነጥብ ሊያገኝላት ይችላል። ስሌቱን አሳይቶኛል።»

«ሊያገኝ ይችላል ነው፣ አግኝቷል?»

«ይኸው! ሰው ካንቺ ጋር መሥራት የሚያቅተው በዚህ ነው» አለ፣ አሁንም ስልኩን እያየ። «ገምጋሚዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ይመጣሉ። ላሳያቸው የምፈልገው መርፌ ነው። ጉብታ አይቼ ሰለቸኝ። ጠረጴዛሽንም እስከዚያ አጽጂ፤ ቦታው ይፈለጋል።»

ስልኩን አስቀምጦ ዓይኔን እያየ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ስድስት ዓመት እኮ ነው። ለውሻ እንኳን «ውጣ» ሲባል ፊቱን አይተው ነው።

ቆሽቴ እያረረ ተመለስኩ። ቺፑን በሣጥኑ ውስጥ አድርጌ ሙሽራው ፊት አስቀመጥኩ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩም፣ እሳቸው ናቸው» ማለት ጀመረ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ዞርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የተጋደመውን ትርፍ ኬብል አንስቼ በመከለያው ላይ ወረወርኩት። መከለያው የኔንና የሱን ጠረጴዛ የሚለይ እስከ ደረት የሚደርስ ጣውላ ነው፤ የኬብሉ ጫፍ ወዲያ ማዶ፣ ከሱ መለኪያ ጀርባ ተንጠለጠለ። ማሽኑን አላጠፋሁትም። ሞገድ ሰጪ ማሽን አይጠፋም፤ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ምቱ ይዛነፋል፣ እንደገና እስኪረጋጋ ቀናት ይፈጃል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አጥፍቼው አላውቅም። የተናደደ እጅ ደግሞ የለመደውን ነው የሚሠራው።

በዘጠነኛው ቀን ጩኸት ሰማሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ያልሆነ ጩኸት። ሙሽራው ከረንቱን ትንሽ ትንሽ እያለ ሲቃኝ ሰባት ነጥብ ሁለት ሚሊአምፔር ላይ ጉብታው ተሰብስቦ መርፌ ሆነ። እንዲህ ያለ መርፌ አይታችሁ አታውቁም። ያለ ማነጻጸሪያ፣ ያለ ምንም። ሰው ተሰበሰበ፣ ተጨበጨበ፣ ፕሮፌሰሩ ሙሽራውን አቅፎ የተተኮሰውን ጋውን አጨማደደው።

እኔም ሄጄ አየሁ። «እስቲ ከረንቱን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው» አልኩ።

አደረገው። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ይህቺ ምሰሶ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ነካ ባደረግኳት ቁጥር ስትደነብር የኖረች ናት። አሁን እንደ ትጉህ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ይሄ ነገር ልክ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ልክነቱ በዛ። አንድ ነገር ይዟታል።»

«ቅናት ዕድሜ አያውቅም ማለት ነው» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። ሳቁለት። ሙሽራው አልሳቀም፤ ግን ዝም አለ። የፕሮፌሰሩስ ይሁን፣ እንዲያውም ከአፉ ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም። አንጀቴን ያቃጠለው የሙሽራው ዝምታ ነው። በእጄ አምጥቼ ያስገባሁት ሰው «እሷ ቅናት አታውቅም» ለማለት ምላሱ ተሳሰረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም።

እሱ ግን የነገርኩትን ሰምቶ ነበር። ይህን የማወራው ለራሴ ለመፍረድ አይደለም፤ በኔ ላይ የሚፈርድ ስለሆነ ነው። በማግስቱ ምሰሶዋን አጥፍቶ ስክሪኑ ላይ ባዕድ ሞገድ ሲፈልግ ዋለ። ሦስት ነጥብ ሁለት አካባቢ ፈለገ፣ ምንም የለም። ስክሪኑ የሚያሳየው እስከ አራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለማየት ደግሞ ምን አሳስቦት? ከሰዓት በኋላ መከለያው ጋ መጥቶ ቆመ። በቤታችን ሕግ አለ፤ የሌላን ሰው ጠረጴዛ ማንም አይነካም፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳን ሳይቀር። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ስንት ሰው አስለቅሼበታለሁ።

«እትዬ» አለ፣ «እየፈተሽኩ ነበር። አንቺ ጋ የበራ ነገር አለ እንዴ?»

ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ምን አስቀራችሁልኝና ነው የሚበራው?» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ሄደ። ከኋላዬ፣ ከክርኔ አንድ ስንዝር ርቆ፣ የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ይበራ ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመት ስለበራ መብራትነቱን ረስቼዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ያቺ ቃል ወጥታ አፋፉ ላይ ቆማ ዓርብን ስትጠብቅ ነበር።

እሁድ እንደ ወትሮው እናቴ ቤት ተሰበሰብን። እሱ አንድ ጥግ፣ እኔ ሌላ ጥግ። እናቴ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየችና «ምን ሆናችሁ ነው? ቤቱን የለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት» አለች። ዕቃ ላጥብ ብዬ ገባሁና በንዴት ሳንጓጓው አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ። እናቴ ከሳሎን ሆና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች፤ ከሁለት ዓመቴ ጀምሮ ለኔ ብቻ ያስቀመጠችው ተረት ነው።

እህቴ ስብርባሪውን ልትጠርግ መጣችና ሆዷን ይዛ በሹክሹክታ «ዓርብ ከተሳካለት ኮንትራቱ ይታደሳል፣ አይደል?» አለችኝ።

«ፕሮፌሰሩን ጠይቂው።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

በመስኮት ወደ ጓሮ አየሁ። ልጇ ዥዋዥዌው ላይ ቆማ እየተወዛወዘች ነበር። ቁጢጥ ትላለች፣ ትነሳለች፣ ቁጢጥ ትላለች፣ ትነሳለች፤ ዥዋዥዌው አንዴ ሄዶ እስኪመለስ እሷ ሁለቴ ትነሳለች። በዚያች ብቻ ከፍ ከፍ እያለች «ማንም ሳይገፋኝ! አክስቴ እዪኝ፣ ማንም ሳይገፋኝ!» ትላለች። አየኋት፣ አጨበጨብኩላት፣ ወደ ብርጭቆዎቼ ተመለስኩ።

ዓርብ ደረሰ። ጠረጴዛዬን አላጸዳሁም። እልህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ገምጋሚዎቹ አምስት ነበሩ፤ አራት ወንዶችና አንዲት አጭር ሽበታም ሴትዮ። ሙሽራው ጋውኑን ሁለት ጊዜ የተኮሰው ይመስለኛል። ምሰሶዋን ለኮሰ፣ ከረንቱን ሰባት ነጥብ ሁለት ላይ አደረሰ፣ መርፌው ብቅ አለ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ፕሮፌሰሩ እጁን እያወናጨፈ ይሰብካል፤ «ያለ ምንም የውጭ እገዛ! ልብ በሉ፣ ያለ ምንም የውጭ እገዛ!»

አንደኛው ገምጋሚ ቦታ ጠቦት ወደ ኋላ ሲል የተንጠለጠለው ኬብሌ ትከሻውን ነካው። ፕሮፌሰሩ ለሰውየው ፈገግ አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ በጥርሱ መሀል «ይህን ቆሻሻ አሁኑኑ አንሺልኝ!» አለ።

ቆሻሻ።

ደሜ ፈላ። በሁለት እጄ ኬብሉን ከማሽኑ ላይ ፈትቼ፣ ጎትቼ፣ በመከለያው ላይ አሻግሬ ወሰድኩት።

«ኧ?» አለ ሙሽራው።

ስክሪኑ ላይ መርፌው የለም። ጉብታ አለ፤ የማውቀው፣ የተንጣለለ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል የድሮው ጉብታ።

አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ። የኬብሉ ጫፍ እጄ ላይ ነው። ቆብ የለውም። በሌላው እጄ ኪሴን ዳበስኩ፤ ቆቧ እዚያው ናት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ስድስት ነጥብ አራት። ግማሹ ሦስት ነጥብ ሁለት። ዥዋዥዌው አንዴ ሲሄድ ሲመለስ ልጅቷ ሁለቴ ትነሳለች፤ ማንም ሳይገፋት። የኔ ማሽን ከመከለያው ወዲህ ሆኖ በእጥፍ ምት ምሰሶዋን እየወዘወዘ፣ ምቷን አንቆ ይዞላት ኖሯል። መርፌው የሙሽራው አልነበረም። የኔ ግድየለሽነት ነበር።

ሦስተኛው ሰከንድ ሳያልቅ ይህ ሁሉ ገባኝ።

«ጨምርላት!» አለ ፕሮፌሰሩ። «ነጥቡ ሸሽቶ ነው፣ ከረንቱን ጨምር!»

ሙሽራው ጨመረ። ሰባት ነጥብ አምስት። ሰባት ነጥብ ስምንት። ጉብታው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሰበሰብም።

«ከስምንት በላይ አትችልም» አለ ሙሽራው።

«ጨምር አልኩህ እኮ! ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው!»

ሙሽራው እጁን ማዞሪያው ላይ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ። ምሰሶዋን ከኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ያውቃል። ሳምንታት ያላናገርኩት ሰው፣ ላቡ በተተኮሰው አንገትጌው ላይ እየወረደ፣ በዓይኑ «እትዬ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ተው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። በር ክፍት ሲቀር የምጮኸው ሴት፣ ለማይመስል ቁጥር ድምፄ ምድር ቤት ድረስ የሚሰማው ሴት፣ አንዲት ቃል።

አላልኩም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ሙሽራው ያን ቀን ዝም እንዳለኝ እኔም ዝም ልለው ደስ ብሎኝ ነበር። ዓይኔን ከዓይኑ ላይ አንስቼ ኬብሉን መጠቅለል ጀመርኩ።

ስምንት ነጥብ ሦስት ላይ ጉብታው ጠፋ። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ። አሥራ ሰባተኛዋ ሞተች።

ፕሮፌሰሩ «ትንሽ የቴክኒክ እክል ነው» እያለ እንግዶቹን ወደ ሻይ ክፍል ነዳቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሙሽራው ዞረና «ሰኞ እንነጋገራለን» አለው። በእኛ ቤት «ሰኞ እንነጋገራለን» የተባለ ሰው ማክሰኞ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ነው የሚወጣው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ሙሽራው እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ቆቧን ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ናት?»

«የትርፉ ኬብሌ ቆብ ናት። ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ኬብሉ ከመለኪያህ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር። ማሽኑም በርቶ ነበር።»

ቆቧን አነሳት፣ አገላበጣት። ኬብሉን አየ፣ ማሽኑን አየ።

«ስንት ላይ ነው ማሽንሽ?»

«ስድስት ነጥብ አራት።»

«እጥፍ!» ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ ፈካ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ስህተት ብቻ አይደለም፣ ዘዴ ነው! ሽቦ ሳይነካት፣ በእጥፍ ምት ከሩቅ ይዘሻታል! ያንቺ ማነጻጸሪያ ቀስ ያለውን መዛነፍ ቢጠብቅ፣ ይሄ ደግሞ ፈጣኑን ቢይዝ፣ ሁለቱን ብናጣምራቸው እኮ…» እያለ እጁን ወደ ከረንቱ ማዞሪያ ዘረጋ። ለማብራት ነው። እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ምን እንደቀረን ትዝ አለው።

ያን ጊዜ ከሁሉ የባሰ ተናደድኩ። «ምን ትፈካለህ? ስደበኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። «ጠይቀኸኝ ነበር! መጥተህ ‹የበራ ነገር አለ ወይ› ብለኸኝ ነበር፣ እኔ ነኝ በአሽሙር የመለስኩህ! ስደበኝ!»

አልሰደበኝም። ተመልሶ ተቀመጠ። ቆቧን ፊቱ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን» ማለት ይቻል ነበር። «ከተቃጠለች በኋላ» ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያጣራም፤ አሥር ሰከንድን ማን ይለካል? ግን ሥራዬ መለካት ነው።

«ኬብሉን እንደነቀልኩ» አልኩት።

«ዞሬ ሳይሽ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ቁጥር ተነግሮት እንደመዘገበ ሰው። ከዚያ ከመሳቢያው ትንሿን መፍቻ አወጣ፣ ኬብሉን ከእጄ ወሰደ፣ ቆቧን ጫፉ ላይ አጥልቆ ማጥበቅ ጀመረ። መፍቻዋ ልኳ ላይ ስትደርስ «ቀጭ» አለች። የጠበቀውን ኬብል በሥርዓት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ነው።

«ለፕሮፌሰሩ የምትዪውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። «እቤት ስገባ ግን ሚስቴ እንዴት ሆነ ትለኛለች። እኔ አልነግራትም። አንቺ ቀድመሽ ሂጂና ንገሪያት።»

ፕሮፌሰሩ ጋ መጀመሪያ ገባሁ። ስለ ኬብሉም፣ ስለ ማሽኑም፣ ስለ ዝምታዬም ነገርኩት። ስልኩን አስቀመጠው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ኬብሉን በዚያ ሰዓት ማን አንሺ አለሽ?» ብሎ ጮኸ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩት።

«ሪፖርቱ ላይ ‹የቴክኒክ እክል› ተብሎ ይጻፋል» አለ። «እኔ እንደዚያ አልጽፍም» ብዬ በሩን ከኋላዬ ወረወርኩት። የበሩ መስታወት ተርፏል፤ እሱም ያናድደኛል። የራሴን ወዲያው ጽፌ ለሽበታሟ ሴትዮ በእጇ ሰጠኋት፤ የሙሽራው ስህተት የሚባል አንድም መስመር አልነበረበትም።

ከዚያ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «ምሰሶዋ ተቃጠለች።» «ፕሮፌሰሩ በግድ አስጨመረው።» «ኬብሉ ቆብ አልነበረውም።» ሁሉም እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም ውስጥ ግን እኔ የለሁም። ሦስት ፌርማታ ሙሉ እኔ ያለሁበትን ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው እህቴ ናት። እጇ እርጥብ ነው፣ ሆዷ እሁድ ካየሁት ገፍቷል። ከኋላዋ ልጅቷ «አክስቴ መጣች!» ትላለች።

«እንዴት ሆነ?» አለች እህቴ። «አጨበጨቡለት?»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ ንገሪኝ!»

«ምሰሶዋ ሞተች» አልኳት። «ከመሞቷ በፊት ባልሽ ዞሮ ‹ምን ላድርግ› በሚል ዓይን አየኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ዝም አልኩት።»

እህቴ ጭንቀቷ ለቀቃት መሰለኝ፤ በእርጥብ እጇ ትከሻዬን መታ አድርጋ ሳቀች።

«አንቺ?» አለች። «አንቺ ዝም?»

እስክታምነኝ ድረስ ሦስት ጊዜ መድገም ነበረብኝ።